ኃጢአቱ በእኔ ይሁን

ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልኩት ነው የኖርኩት። ሲገባ ከወንበሬ ብድግ እል ነበር፤ ስጠራውም «ጋሼ» ነበር የምለው። በዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው የምለው። ያኔ አፌን ይዤ የዋጥኩት ቁጣ እዚህ እንኳን ይውጣልኝ።

አለቃዬ ነበር፤ እኔም የእሱ ጸሐፊ። የወረዳ መሥሪያ ቤታችን የመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ደወል በመስኮት የሚሰማበት ቦታ ላይ ነበር። ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ የቢሮዎቹ ስም በየጊዜው ይቀያየራል፣ ወንበሮቹ ግን ያው ነበሩ። ታይፕ እመታለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ባለጉዳይ እቀበላለሁ። የእሱ በር ያለው ከጀርባዬ ስለሆነ ወደ እሱ መግባት የፈለገ ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል።

ጉቦ አይበላም ነበር፤ ይህን ልመስክርለት። አይጠጣም፣ ሰው አይሳደብም፣ ረቡዕና ዓርብ አይስትም። በሰበካው የተከበረ ሰው ነበር፤ ታቦት ሲነግሥ ከፊት ከፊት ከሚታዩት አንዱ እሱ ነው። ሌባ ወይ ሰካራም አለቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። ከሌባ ምን ይጠበቃል? እኔን ያናደደኝ ጻድቅነቱ ነው።

በዚያ ዓመት ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ ልያዝ አለ። ደግ ነው። ሰው ለሱባኤ የዓመት ፈቃዱን ይወስዳል፤ ገዳም ይወርዳል፤ ካልሆነለትም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ትንሽ ቤት ለምኖ፣ ጥሬ ቆርጥሞ፣ ከሰው ተለይቶ ይጸልያል። እሱ ግን ፈቃዱን ማቃጠል አልፈለገም። ሱባኤውን ቢሮው ውስጥ ያዘው! ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል፤ ነጠላውን አጣፍቶ በሩን ይዘጋል፤ ዳዊቱን፣ ውዳሴ ማርያሙን ይደግማል፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ለቅዳሴ ይወጣል። ከቅዳሴ በኋላ የሚቀምሰውን የራሰ ሽምብራ ቋጥሬ የማስይዘው እኔ ነበርኩ። የፊርማ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራል፤ ማኅተሙ እሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

የመጀመሪያው ቀን ጠራኝና፣ «ለሰባት ቀን ማንም እንዳይረብሸኝ። መስክ ወጥተዋል በያቸው» አለኝ።

መስክ መውጣት ማለት የቦታ ክርክር ለማየት ላፍቶ ገበሬዎቹ ዘንድ መሄድ ነው፤ አንዳንዴ እውነትም ይሄድ ነበር። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይቶ መሰለኝ፣ ፈገግ አለ።

«አይዞሽ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ሻይ ቤት ተቀምጦ «ሂሳቡ በእኔ ይሁን» እንደሚል ሰው ነው ያለው። እኔስ? እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። እኔም ጾመኛ ነበርኩ፤ በዚያ ሰሞን ቢሮ የምገባው ነጠላ ለብሼ፣ የአንገት መስቀሌን ከላይ አውጥቼ ነበር። ያን ለብሼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ለመጣው ባለጉዳይ ሁሉ «መስክ ወጥተዋል» አልኩ። መጀመሪያ ላይ ምላሴ ይያዝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከታይፑ ላይ ቀና ሳልል እለው ጀመር።

ሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ መጡ። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፣ እጃቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት። ወረቀቱ ቀበሌ የሰጣቸው የድህነት ማስረጃ ነው፤ እኛ ጋ የመጡት በእሱ ላይ ተመሥርቶ ለሆስፒታል የሚጻፈውን የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ለማስፈረም ነው። ደብዳቤው አምስት መስመር ነው። እኔ እተይበዋለሁ፣ እሱ ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፤ አለቀ።

«ባለቤቴ ናት» አሉኝ ጠረጴዛዬን ተደግፈው። «ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዷት አሁን መንጋቱንና መምሸቱን ብቻ ነው የምትለየው። ከውጭ አገር የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል አሉ፤ ሞራውን በአንድ ቀን ይገፉታል። ግን እስከ ሐሙስ ብቻ ነው የሚቆዩት። ከዚያ ይሄዳሉ።»

«መስክ ወጥተዋል፣ አባቴ። ነገ ይሞክሩ» አልኳቸው።

መስቀሌን አዩ፣ ነጠላዬን አዩ። «በጾም ደግ ሰው ላይ ጣለኝ። እመቤቴ ትጠብቅሽ» ብለው ሄዱ። ከጀርባዬ፣ ከእንጨት በሩ ወዲያ፣ የእሱ ድምፅ በዝግታ ዳዊት ይደግማል። ድምፁ እንዳይሰማቸው ታይፑን ጠንከር አድርጌ እመታ እንደነበር አልረሳም።

ማክሰኞ ተመልሰው መጡ። አግዳሚው ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ አሉ፤ «ከመስክ በጊዜ ቢመለሱስ?» ብለው ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሽንት ቤት ሊሄዱ የተነሡበትን ጠብቄ በሩን አንኳኳሁና ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኖቹ በጾምና በንባብ ደክመው ነበር። ለደቂቃ አሳዘነኝ እንኳን።

«ጋሼ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ሚስታቸው ልትታወር ነው፤ ሐኪሞቹ ሐሙስ ይሄዳሉ» አልኩት።

«ዛሬ ለአንዱ ከፈረምኩ ነገ ሃያ ይሰለፋል። ሱባኤ የያዘ ሰው ቃሉን አያጥፍም።»

«የእሳቸው ጉዳይ ግን...»

«እኔ እዚህ ተዘግቼ የምጸልየው ለእነሱም ጭምር እኮ ነው» አለኝ። «ፈዋሹ እግዚአብሔር ነው፤ የእኔ ፊርማ አይደለም። ጠላት እኮ በደግ ነገር በኩል ነው ጸሎት የሚያስፈታው። ተጠንቀቂ።»

ደሜ ፈላ። ሰይጣን አደረገኝ! የአንዲት ምስኪን ዓይን ይዤ ስገባ ከጸሎቱ ልትነጥለው የመጣች ፈተና ሆንኩ። የእኔ ውሸት ግን ፈተና አልሆነበትም፤ የእኔ ውሸት የሱባኤው በር ጠባቂ ነው። እሱ ንጹሕ ሆኖ ከፈጣሪው ጋር እንዲነጋገር እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ በእሱ ፋንታ እቆሽሻለሁ። ሰው ራሱ ይዋሽ፣ ራሱ ይውደቅ፤ ደካማ ነው፣ ይነሣል። ሌላውን በራሱ ትእዛዝ ጥሎ፣ በወደቀው ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ግን ምን ይባላል? ከታናናሾቹ አንዱን ቢያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ ባንገቱ ታስሮ ባሕር ቢጣል ይሻለው ነበር የተባለለት ሰው ማን ይመስላል ብላችሁ ነው የምታስቡት? ቀንድ ያለው ይመስላችኋል? ነጠላ ያጣፋ፣ ጾም ያደከመው፣ መልካም ሰው ነው የሚመስለው።

ይህን ሁሉ አሁን ነው የማወራው። ያኔ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ለሽማግሌው «አልተመለሱም» አልኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት ግን የሽማግሌውን ፊት ለሦስተኛ ቀን ማየት አቃተኝ። ምን እንዳደረግሁ ልናገርና ልገላገል። ወደ በሩ ወረድኩ። ዘበኛችን አባባ የምንላቸው የቀድሞ ወታደር ነበሩ። አባባ ቆራቢ ናቸው፤ ከሚስታቸው ጋር በየዓመቱ በፍልሰታ መጨረሻ ይቆርባሉ፤ ሲናደዱ እንኳን ክፉ ቃል አይወጣቸውም።

«አባባ፣ ያ ሽማግሌ ዛሬ ሲመጡ እኔ ጋ አይውጡ። ጋሼ ላፍቶ መስክ ወጥተዋል በሏቸው» አልኳቸው።

ወደ ግቢው ዞረው አዩ። የአለቃዬ ነጭ ፒክአፕ ዝናብ እየወረደባት ቆማለች።

«መኪናቸው ይቺ ቆማ?»

«በሰው መኪና ሄዱ በሏቸው።»

ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። «ልጄ፣ እኔ እኮ ልቆርብ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አይዞዎት አባባ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። የእሱው ቃል ነው፤ ያቺ «አይዞሽ» እንኳን ሳትቀር። ውሸትን ለማውረድ ከእኔ በታች ሰው ፈለግሁ፣ አገኘሁም፤ ደረጃውን ወጥቼ ታይፔ ፊት ተቀመጥኩ። እሱ ላይ ስቆጣ ይህን እየዘለልኩ አይደለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሽማግሌው መጡ፤ አባባ የተባሉትን አሉ። አባባ ግን ውሸት የማያውቁ ሰው ስለሆኑ መዋሸቱንም በቅጡ አልቻሉበትም። እኔ ብሆን «የሉም» ብዬ በር እዘጋለሁ። ሽማግሌው «ላፍቶ የት ጋ?» ብለው ሲጠይቋቸው ግን አባባ አዘኑላቸውና አስረዷቸው፤ በየትኛው መንገድ እንደሚወረድ፣ የቦታ ክርክር የሚታይበት የገበሬዎቹ ሠፈር ከየት እንደሚጀምር። አንድ ጊዜ የጀመሩት ውሸት ደግነታቸውን እንኳን ይዞ ሄደ።

ሽማግሌው በእግራቸው ላፍቶ ሄዱ። ላፍቶ ያኔ የዛሬው ላፍቶ አይደለም፤ እርሻ ነው፣ በነሐሴ መረሬ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። በዚያ ዝናብ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ «ነጭ መኪና የያዙ፣ አይ፣ በሰው መኪና የመጡ ኃላፊ አይታችኋል?» ሲሉ ዋሉ። አለቃዬ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከእኔ አራት እርምጃ ርቆ ዳዊቱን እየደገመ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰው መጡ። ውሃው ከጋቢያቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ አንደኛው ኮንጎ ጫማ ጠፍቶ። ፌስታሉ ግን ደረታቸው ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱ ደርቆ ነው ያለው። አለቃዬ ቅዳሴ ከሄደ ቆይቷል።

«ልጄ፣ አጣኋቸው» አሉኝ። «አሁንስ ተመልሰዋል?»

«የሉም» አልኳቸው። በሦስት ቀን ውስጥ የተናገርኩት አንዲት እውነት እሷ ነበረች።

ወረቀቱን እኔ ጋ እንዲተዉት ለመንኳቸው፤ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተፈርሞ እንደሚያገኙት ማልኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። አባባ ከበሩ ቤት ወጥተው የራሳቸውን ካፖርት ደረቡላቸውና እስከ አስፋልቱ ሸኟቸው።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤውን ተይቤ፣ ሳላንኳኳ ገብቼ፣ በተዘረጋው ዳዊት ላይ አስቀመጥኩለት። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ እሱ ግን አየኝና እስክሪብቶውን አነሣ። ፈረመ፤ መሳቢያውን ከፈተ፤ ማኅተሙን አሳረፈ፤ ከንፈሩም ጸሎቱን አላቋረጠም። ይኸው ነው! ሱባኤውን ያፈርሳል የተባለው ነገር አንዲት መስመር እንኳን አላስቆመውም።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ሽማግሌው የሉም። አራት ሰዓት ሆነ። አባባ ደብዳቤውን ይዘው መካኒሳን ዞሩ፤ ስማቸውን እንጂ ቤታቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት ግድግዳ እየተደገፉ መጡ። ረቡዕ የመታቸው ዝናብ ብርድ ሆኖ ሐሙስን ሙሉ ከአልጋ ጥሏቸው ነበር። ደብዳቤውን ተቀበሉኝ፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። «ምናልባት አንድ ሐኪም ቀርቶ ይሆናል» ብለው በዚያው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። የቀረ ሐኪም አልነበረም። ሐሙስ ማታ ዕቃቸውን ሸክፈው ሄደዋል።

እኔ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ጉልበቴ ሲላላጥ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከዚያ በኋላም ንዴቴ አልበረደም። እሱ የሚናዘዘው ነገር የለውም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ «የሉም» ያለው የእኔ አፍ ነው፤ ላፍቶን ያሳየው የአባባ እጅ ነው። እሱ ለካህኑ ምን ብሎ ይንገራቸው? ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ሰባት ቀን በር ዘግቼ ሱባኤ ያዝኩ ይላል፤ ያለውም ሁሉ እውነት ነው። ኃጢአቱ «በእኔ ይሁን» ማለቱን ረስቶታል። እንዲህ ያለ ነገር የሚባለው ሊረሳ ነው። የሰውን ኃጢአት በአፉ የሚወስድ ብዙ ነው፤ ሄዶ የተናዘዘለትን ግን እስካሁን አላየሁም።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት መካኒሳ አቦ ሄድኩ። ቅዳሴው ውስጥ ነው፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶታል። ከአጥሩ ውጭ፣ በሩ አጠገብ፣ አባባን ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። ነጭ ለብሰዋል፤ ሚስታቸው ውስጥ ናቸው።

«አባባ፣ አይቆርቡም እንዴ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ነኝ ያስዋሸሁዎት። በእኔ ይሁን ብዬዎት አልነበር?»

«ብለሽኝ ነበር» አሉ። «እኔም ከዚያ ወዲህ ሳስበው ሰነበትኩ። ልጄ፣ በአንቺ እንዲሆንም አልፈለግሁም።»

ቅዳሴው አልቆ ሰው መውጣት ጀመረ። እሱም ወጣ። ቆርቧል፤ እንደ ቆራቢ ሥርዓት አፉን በነጠላው ሸፍኗል። አየን። መናገር ስለማይችል በዓይኑ ሰላም ብሎን፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ አለፈ። ንጹሕ አፉን ሸፍኖ። ሦስታችን በዚያ በር ላይ ነበርን፤ ከሦስታችን ቀለል ብሎት የሄደው እሱ ብቻ ነው። ነጠላውን ገፍፌ እዚያው ሕዝብ ፊት ልጮህበት ዳድቶኝ ነበር።

ከእሱ ኋላ ሽማግሌው ባለቤታቸውን እጃቸውን ይዘው ወጡ። ሴትዮዋ በዱላቸው የበሩን ደፍ እየፈለጉ ነበር። አባባ ሮጠው ሌላኛውን ክንዳቸውን ያዙ፤ እኔም ተከትያቸው ቀረብኩ።

«ማን ነው?» አሉ ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ያዛቸው ሰው እያዞሩ።

«እኔ ነኝ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ።»

«ከጎንህስ ያለው ሰው ማን ነው? እስትንፋስ ይሰማኛል።»

አባባ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ማንም የለም» ቢሉ ያልፍልኝ ነበር። አላሉም፤ ጠበቁኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ጸሐፊዋ ነኝ» አልኩ። «ጋሼ የትም አልሄዱም ነበር። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም እዚያው በሩን ዘግተው ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እኚህንም ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ የባለቤታቸውን እጅ ጠበቅ አደረጉ። ይሳደቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሳደቡኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ግን ለእኔ ሳይሆን ለባለቤታቸው ተናገሩ።

«መኪናዋን ግቢ ውስጥ ቆማ አይቻት ነበር» አሉ። «በፍልሰታ ማን ይዋሻል ብዬ ነው የሄድኩት።»